ጥርኝ ውሃ

በልጅነቴ ክረምቱን የማሳልፍበት የአያቴ ቤት መንዝ ውስጥ፣ ከቆላ የሚወጣ መንገደኛ ትንፋሹን በሚሰበስብበት አቀበት ራስ ላይ ነበር። ከብቱ ገብቶ፣ ዓይን መያዝ ሲጀምር፣ ከአጥሩ ውጭ ሳል ይሰማና «እንደምን አመሻችሁ፤ የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» የሚል ድምፅ ይከተላል። አያቴም ከምድጃው ሳትነሣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብላ ትመልሳለች። እንግዳው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የምትጠይቀው እግሩን ታጥቦ እህል ከቀመሰ በኋላ ሲሆን፣ አንዳንዱም ጨርሶ ሳይጠየቅ አድሮ ይሄዳል።

ከእነዚያ እንግዶች መካከል አንድ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አይረሱኝም። በባዶ እግራቸው ብዙ ቀን ተጉዘው የመጡ ነበሩ፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጭቃው ከቆዳቸው ጋር ተጣብቆ፣ እግራቸውን ወደ ገበቴው ሲያስገቡ ከእፍረት የተነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አያቴ ተንበርክካ ታጥባለች፤ እኔ ለብ ያለውን ውሃ በቅል እየቀዳሁ አፈሳለሁ። ጭቃው ሲለቅ ከውስጥ እግራቸው እሾህ ተሰብሮ መቅረቱን አየችና ኩራዙን አስጠግቼ እንድይዝ አዝዛኝ በወረንጦ ትፈልገው ጀመር። ጊዜ ፈጀባት። ሽማግሌው «ይተዉት እናቴ፣ ለምጄዋለሁ» ይሏታል፤ እሷ ግን ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ መፈለጓን አላቋረጠችም። በመጨረሻ ሲወጣላት መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው፤ ንቃቃቱን ቅቤ ቀባችላቸው፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም።

ያን ጊዜ እግር ማጠብ ጥጃ እንደማሰርና እሳት እንደማዳፈን ያለ የምሽት ሥራ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ የዮሐንስ ወንጌልን 13ኛ ምዕራፍ በማስተዋል ሳነብ ቆም ያደረገኝ የአተራረኩ እርጋታ ነው። ሌሎቹ ወንጌላውያን በዚያች ምሽት ስለተሰጠው ኅብስትና ጽዋ ሲጽፉ፣ ዮሐንስ ጌታ ከማዕድ እንደተነሣ፣ ልብሱን እንዳኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ወስዶ እንደታጠቀ፣ በመታጠቢያው ውሃ እንደጨመረ አንድ በአንድ ይተርካል። እያንዳንዷ እንቅስቃሴ በሰው ቤት የሚያገለግል ሰው እንቅስቃሴ ናት። ከታጠቡት እግሮች መካከል የጴጥሮስና የዮሐንስ ብቻ ሳይሆን፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ጨለማው የሚወጣው የይሁዳ እግርም ነበረበት፤ ጌታም ያን እግር ሲያጥብ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ቃል አጭር ነው፤ «እኔ ጌታና መምህር ስሆን እግራችሁን ካጠብሁ፥ እናንተ ደግሞ እርስ በርሳችሁ እግራችሁን ትተጣጠቡ ዘንድ ይገባችኋል።»

ስለ በጎ ሥራ ስናስብ አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከብዛቱ ነው፤ ስንት ብር ወጣ፣ ስንት ሰው ተረዳ፣ ስንት ዓመት ቆየ እንላለን። ይህ መቁጠር ለሥራው አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የክርስትና ትምህርት ከዚያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደተጠጋን ነው ብዬ አምናለሁ። እሾህ ከሩቅ አይነቀልም። ትንሽ የምንለው ደግነት ክብደት ያገኘው፣ ሰጪውን ከቆመበት አውርዶ የተቀባዩ ፊትና ሕመም በግልጽ ከሚታይበት ስፍራ ስለሚያደርሰው ነው።

በማቴዎስ ወንጌል 10፥42 ላይ «ማንም ከእነዚህ ከታናናሾቹ ለአንዱ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ በደቀ መዝሙር ስም የሚያጠጣ፥ እውነት እላችኋለሁ፥ ዋጋው አይጠፋበትም» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ቃል ውስጥ «ቀዝቃዛ» የሚለውና «ብቻ» የሚለው ለድሃ የተጨመሩ ይመስሉኛል። ውሃ ለማሞቅ እንጨት ያስፈልጋል፤ እንጨት የሌለው ሰው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ከምንጭ ቀድቶ ማምጣት ይችላል፤ ስለዚህ «የምሰጠው የለኝም» ብሎ ከዚህ ቃል የሚያመልጥ አይኖርም። አያቴ ውሃውን ታሞቅ የነበረው ከታዘዘችው በላይ ከራሷ ጨምራ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ትምህርት ከወንጌሉ ንባብ እኩል የሚያውቀው በበላዔ ሰብ ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም የሚገኘውና የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የሚነገረው ይህ ታሪክ 78 ነፍሳትን ስለበላ፣ ቅምር የምትባል አገር ስለነበረ አንድ ሰው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ሰውየው አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ካሳተው በኋላ ነው ወደዚያ ጭካኔ የወረደው። ከዕለታት አንድ ቀን ውሃውን ይዞ ሲሄድ ደዌ የጸናበት፣ ጥማት ያቃጠለው ድሃ በመንገድ ዳር አገኘ። ድሃው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለ። ስለ ጻድቃንና ስለ ሰማዕታት ብሎ ለመነው፤ አሁንም እምቢ አለ። ስለ እመቤታችን ስለ ማርያም ሲለው ግን ልቡ ተነካና ጥርኝ ውሃ አጠጣው። በሞተ ጊዜ ሥራው በሚዛን ሲመዘን፣ በእመቤታችን አማላጅነት ያች ጥርኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍሳት ይልቅ ሚዛን ደፋች።

ይህ ታሪክ ለኃጢአት ፈቃድ የሰጠ እንዳይመስል መምህራን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፤ ትክክልም ነው። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚይዘኝ የውሃው መስፈሪያ ነው። ጥርኝ የእጅ ልክ ነው፤ ማሰሮ ወይም ዋንጫ ቢሆን ኖሮ አስቀምጦ መሄድ ይቻል ነበር። ውሃን በጥርኝ የሚያጠጣ ሰው ከሚጠጣው ሰው ክንድ እንኳ ሊርቅ አይችልም። ሰው ሁሉ ከሚሸሸው ድሃ አፍ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው የነፍሰ ገዳይ እጅ ለአንድ አፍታ ቀረበ። ደግሞም ድሃው ሁለት ጊዜ ተከልክሎ ሦስተኛ መለመኑን አስባለሁ፤ እሱ ተስፋ ቆርጦ ዝም ቢል ኖሮ ያ ሰው የሚመዘንለት አንዳች ነገር ባልኖረው ነበር። የሚለምነን ሰው ለእኛ የሚያደርግልንን ነገር ብዙ ጊዜ አናይም።

ድሃው በመጨረሻ የጠራው ስም በአገራችን ደጃፎች ሁሉ ለዘመናት ሲጠራ ኖሯል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከበር ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ «ስለ ስሟ ብላችሁ» ማለቱ ነው። ዜማው፣ ቅኔው፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ እኛ ዘንድ የደረሰው ነገሥታት በሰጡት ርስት ብቻ አይደለም፤ ስማቸው የትም ያልተጻፈ እናቶች ከየሌማታቸው በቆረሱት ቁራሽ እንጀራ ጭምር ነው። ዛሬ ድጓውን የሚመሩትና ቅኔውን የሚቀኙት ሊቃውንት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያን ቁራሽ በልተው፣ በመንደር ውሻ ተባርረው ያደጉ ናቸው። አያቴ የተማሪ ድምፅ ስትሰማ ሌማቱን ከመክፈቷ በፊት «ውሻውን ያዝ» ብላ እኔን ትልክ ነበር። ቁራሹን ማንም ይሰጣል፤ ውሻውን ማስያዝ ግን ልጁ ደጃፏ ላይ ቆሞ ምን እንደሚሰማው ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ሥርዓተ ኅጽበተ እግር ሲፈጸም ይህ ሁሉ በዓይን ይታያል። ካህናቱ በተጸለየበት ውሃ፣ በወይራና በወይን ቅጠል፣ ጎንበስ ብለው የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፊቴ ተሰልፎ የነበረ የቀን ሠራተኛ ወጣት ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እግሩ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበት ነበር። «አባ፣ የእኔ ቆሻሻ ነው፤ ይቅርብኝ» አላቸው። አረጋዊው ካህን ቀና ሳይሉ «ለዚህ እኮ ነው ልጄ ውሃው የቀረበው» ብለው እግሩን በእጃቸው ያዙት፤ ቅጠሉን ብቻ ነካ አድርገው ማለፍ ሲችሉም፣ ሲሚንቶው እስኪለቅ ድረስ በአውራ ጣታቸው አሹት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላ የሚያጉረመርም ሰውም አልጠፋም። እሳቸው አልተቻኮሉም።

«ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ችግራችን ሰፊ ነውና በጥርኝ አይደረስበትም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ንግግራቸውን አከብራለሁ፤ በድርቅና በጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ በቁራሽ እንጀራ እንደማይመለስም አውቃለሁ። ሆኖም ትልቁ ሥራ ከየት እንደሚበቅል ሲነሣ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲጓዙ በረሃብ የወደቁ ሰዎች በመንገድ ዳር አገኙ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነው፤ ያንኑ አካፈሉ፤ ወላጅ አልባ የሆነ ሕፃን አንሥተውም ወደ አዲስ አበባ አመጡ። በዓመቱ ውስጥ የሚያሳድጓቸው ልጆች 21 ደረሱ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ሲያርፉ፣ የመሠረቱት ድርጅት ለብዙ ሺህ ሕፃናት መጠጊያ ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ የተጀመረው ለመሳለም በሚደረግ ጉዞ ላይ ቆም ብለው ወደ ወደቀው ሰው በመጠጋታቸው ነው፤ ወደ ቅድስት ስፍራ ለመድረስ መቸኮል በቂ ምክንያት ሊሆናቸው በቻለ ነበር።

ከዚህ ላይ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ስብከቱ ያስተማረውን ሳላነሣ አላልፍም። ክርስቶስን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሐር ልብስ እያከበርክ፣ በውጭ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብለህ አትለፈው ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ወንድሙን ወይም እህቱን ራቁታቸውንና ርቧቸው እያየ፣ ለአካላቸው የሚያስፈልገውን ሳይሰጥ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚለውን ሰው ይወቅሳል። ያ ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቃሉ እንዲያውም ምርቃት ነው። የጎደለው አጠገባቸው ሆኖ እሳቱን ማንደድ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ለድሃ ሲሰጥ በስልክ መቅረጽ የተለመደ ሆኗል። ብዙዎቹ ሌላውን ለማነሣሣት አስበው እንደሚያደርጉት ስለማምን አልፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ያ የሚቀረጽ ሰው ፊት አለው፤ የሚያየው ልጅ ወይም ጎረቤት ይኖረዋል። ጌታ ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ ሲል ከውዳሴ ከንቱ የሚጠብቀው ሰጪውን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እኔ ግን የተቀባዩን ክብርም የሚሸፍን ቃል ሆኖ አገኘዋለሁ። አያቴ ያን ሽማግሌ ስታጥብ በሩን ዘግታ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ያልተጠጋሁት ሰው ስለነበረ ነው። በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ ግፊቱም ደካማ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አልፎ ወደ ፎቅ አይወጣም። ከእኔ ቤት በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እግራቸውን የሚያማቸው እናት አሉ። ለሁለት ዓመት ያህል ከእሳቸው በታች ስኖር ሲያገኙኝ «እንደምን ዋልክ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ» ብዬ አልፋለሁ። በእነዚያው ዓመታት ከጽዋ ማኅበርተኞቼ ጋር ለሩቅ ገዳማትና ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስና ገንዘብ እናሰባስብ ነበር፤ ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የእሳቸውን ውሃ ማን እንደሚያወጣላቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የራሴን ጀሪካን ልሞላ ስወርድ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ግማሽ ድረስ የተሞላች ትንሽ ጀሪካን አለች። እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግራቸው እየረገጡ፣ ጀሪካኗን ከፊታቸው አንድ ደረጃ ከፍ እያደረጉ፣ እንደገና እየተቀመጡ ነበር የሚወጡት። ደንግጬ ስቀበላቸው ያሉኝ «ተወው ልጄ፣ እስኪነጋ እደርሳለሁ» ነው። «ለምጄዋለሁ» ያሉት የመንዙ ሽማግሌ ድምፅ መጣብኝ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን እየሞላሁ አወጣላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁኛል፤ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ሲሉኝ ቆም ብዬ አሜን ማለትን ተማርኩ።

ጥቂት ሳምንት እንደቆየ ግን በልቤ ቅሬታ ገባ፤ መደበቅ አልፈልግም። ባዶዎቹ ጀሪካኖች ውሃ ሳይመጣ አንድ ቀን ሁለት ቀን አስቀድመው ከበራቸው ፊት ይቆማሉ። ብቻዋን ለምትኖር አንዲት እናት አርባ ሊትር እንዴት አይበቃም? ልብሳቸውን ወስዳ የምታጥብላቸው ሴት አለች፤ አበባ አይተክሉም። ውሃውን እያባከኑት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ድካሜን በየደረጃው መቁጠርም ጀመርኩ። ምንም አልተናገርኳቸውም፤ በሰላምታዬ ላይ ግን የቀዘቀዘ ነገር እንደነበረ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሻይ ይዤ ከመስኮቴ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በሲባጎ ታስሮ ከላይ ቀስ እያለ ወረደ፤ በዓይኔ ፊት ትንሽ ተወዛወዘና ወደ ታች አለፈ። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። ከሕንፃው ሥር የሊስትሮ ዕቃውን የዘረጋ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጠርሙሱን ፈትቶ ግማሹን ጠጣ፤ የተረፈውን ወደ መዳፉ እየገለበጠ ፊቱን ታጠበ፤ በመጨረሻም እርጥብ እጁን ፀጉሩ ላይ አበሰ። ከአጠገቡ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት የራሷን ጣሳ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ቀና ስል ከአራተኛው ፎቅ ሰገነት ላይ የሚታየኝ ሲባጎውን የያዘ አንድ እጅ ብቻ ነው። ልጁ ባዶውን ጠርሙስ መልሶ አሰረና ሲባጎውን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገው፤ ጠርሙሱም በመስኮቴ በኩል ሽቅብ አለፈ።